ናታራጃ ምንድን ነው?

ናታራጃ የሂንዱው አምላክ ሺቫ በእሳት ቀለበት መካከል ሲጨፍር የሚያሳይ ምስል ነው። የሳንስክሪት ቃል ሲሆን «የጭፈራ ንጉሥ» ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው መልኩ የረጋው በደቡብ ህንድ በታሚል አገር፣ በቾላ ነገሥታት ዘመን፣ በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው።

ምስሉን ሲያነቡ ብዙዎች የሚሳሳቱት ገና ከቀኝና ከግራው ነው። ቀኝ የሚባለው የምስሉ ቀኝ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። ሺቫ አራት እጅ አለው። የኋላው ቀኝ እጅ ወገቧ የቀጠነ ትንሽ ከበሮ (ዳማሩ) ይዟል፤ ፍጥረት የጀመረበት ድምፅ ነው። የኋላው ግራ እጅ ላይ ነበልባል አለ፤ የተፈጠረው ሁሉ የሚያልፍበት እሳት። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ መፍጠርና ማፍረስ አይበላለጡም። የፊቱ ቀኝ መዳፍ ወደ ተመልካቹ ተዘርግቶ «አትፍራ» ይላል። የፊቱ ግራ ደረቱን አቋርጦ እንደ ዝሆን ኩምቢ ቁልቁል ይወርድና ከፍ ያለውን ግራ እግር ያሳያል። ለአማኙ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ያ እግር መጠጊያው ነው።

ቀኝ እግሩ የቆመበት ድንክ አፓስማራ ይባላል፤ የድንቁርና ምሳሌ ነው። የተገደለ ጠላት አድርገው የሚተረጉሙት አሉ። ተጠግቶ ላየው ግን ድንኩ በሕይወት አለ፤ አንገቱን ቀና አድርጓል። ድንቁርና ይረገጣል እንጂ አይሞትም የሚል ማብራሪያ ይሰጡበታል። ጆሮዎቹንም አይለፏቸው፦ በቀኙ የወንድ፣ በግራው የሴት ጉትቻ አለ፤ ሺቫ ወንድም ሴትም ነውና። በተበተነው ጸጉር ውስጥ ትንሽ ሴት ከታየች የጋንጅስ ወንዝ ናት።

«የጥፋት ጭፈራ» የሚለው የተለመደ ስያሜ ግን ግማሽ እውነት ነው። በታሚል አገር በቺዳምባራም ከተማ ቤተ መቅደስ ያለው ጭፈራ የሚጠራው የደስታ ጭፈራ እየተባለ ነው፤ ፊቱም ቁጣ የለበትም። ቀኝ እግሩ ከፍ ያለ ናታራጃ ካጋጠመዎት ደግሞ ስህተት ነው ብለው አይቸኩሉ፤ በዚያው በታሚል አገር በማዱራይ ከተማ የሚጨፍረው እንደዚያ ነው።

በታሚል አገር በስዋሚማላይ ከተማ ያሉ ባለሙያዎች ምስሉን እስከ ዛሬ የሚሠሩት በሰም ነው። የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫ ጋር አቅልጠው ምስሉን እስከ ጣቱ ጥፍር ድረስ ይቀርጹታል። በሰሙ ላይ መጀመሪያ የሚለቀለቀው የካቬሪ ወንዝ ደቃቅ ደለል ነው፤ ረቂቁን ቅርጽ የሚይዘው እሱ ስለሆነ። በጥላ ከደረቀ በኋላ ሸካራው ጭቃ ይደረብና በሽቦ ይታሰራል። ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው መዳቡ የሚበዛበት ቅልጥ ብረት ይፈስሳል። የእኛ አንጥረኛ «ሰምና ወርቅ» ያለው ይኸንኑ ሥራ ነው። ጭቃው እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ብረቱን ያቦርቀዋል፤ አንዳንዴም ቅርጹን ይሰነጥቀዋል። ቅርጹ ከቀዘቀዘ ደግሞ ብረቱ ጣቶቹና የጸጉሩ ጫፍ ሳይደርስ ይረጋል። ጭቃው ስለሚሰበር ከአንድ ቅርጽ የሚወጣው አንድ ምስል ብቻ ነው። ዓይኖቹ የሚከፈቱት፣ ማለትም የሚቀረጹት፣ መጨረሻ ላይ ነው።

በጥንቶቹ ምስሎች መቀመጫ ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች በበዓል ቀን የመሸከሚያ እንጨቶች የሚገቡባቸው ናቸው። ያን ቀን ምስሉ ሐርና የአበባ ጉንጉን ስለሚለብስ፣ ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ አይታዩም።