ኤለፋንትስ ድሪም፦ ጓዳውን ክፍት ያደረገ ፊልም

«ኤለፋንትስ ድሪም» በ2006 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ የተሠራ አጭር የአኒሜሽን ፊልም ነው። ርዝመቱ 11 ደቂቃ አይሞላም። ምስሎቹ የተሠሩት ባለ ሦስት አውታር (3D) ምስልና አኒሜሽን መሥሪያ በሆነው በብሌንደርና በሌሎች የክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ነው። እነዚህን ማንም ሰው በነፃ አውርዶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ፊልሙ ሲያልቅ ሠሪዎቹ የሥራ ፋይሎቻቸውን ጭምር ለሕዝብ ሰጡ።

ብሌንደር ራሱ ከመጥፋት የተረፈ ሶፍትዌር ነው። ባለቤት ኩባንያው ሲዘጋ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል በ2002 ከተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ አሰባስቦ ኮዱን ነፃ አወጣው። «ለትልቅ ሥራ ግን ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም ነበር። በወሬ የሚመለስ ጥያቄም አልነበረም። ስለዚህ የብሌንደር ፋውንዴሽን ከኔዘርላንድስ ሚዲያ አርት ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ በ2005 ጥቂት ባለሙያዎችን አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሰበሰበ። ዳይሬክተሩ ባሳም ኩርዳሊ ነበር። ሥራው «ፕሮጀክት ኦሬንጅ» ተባለ። ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው ገና ያልተሠራውን ፊልም ዲቪዲ አስቀድመው ከገዙ ሰዎች ነው። አምነው ለከፈሉት ሰዎች ምስጋናው ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ መጻፉ ነበር።

ታሪኩ ሁለት ሰዎችን ብቻ ይዟል። ሽማግሌው ፕሩግ ወጣቱን ኢሞን ማለቂያ በሌለው የማሽን ዓለም ውስጥ ይመራዋል። ገና ሲጀምር የስልክ ማዞሪያ ሶኬቶች ከየግድግዳው እየተወረወሩ ያሳድዷቸዋል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ስልክ ይጮኻል። ኢሞ ሊያነሳው ሲጠጋ ፕሩግ ይከለክለዋል፤ ስልኩ ወጥመድ ነው። ለፕሩግ ማሽኑ ድንቅ ነው፣ ኢሞ ግን አያምንበትም። በመጨረሻ ሽማግሌው ወጣቱን በበትሩ ይመታዋል። ብዙ ተመልካች «ምን ማለት ነው?» ብሎ ግራ ተጋብቷል። እኔም መጀመሪያ ሳየው አልገባኝም። አሁን ግን የፊልሙ ጉልበት እዚያ ላይ ይመስለኛል፦ የማያምንህን ሰው ወደ ራስህ ዓለም በግድ ማስገባት አይቻልም።

በርዕሱ ያለው ዝሆን (ኤለፋንት) የመጣው ከደች የልጆች ተረት መዝጊያ ነው። ወላጅ ሲደክመው ረጅም ኩምቢ ያለው ዝሆን መጥቶ ተረቱን በትንፋሹ «እፍ» ብሎ አጠፋው ይልና ይጨርሳል። የእኛ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ዓይነት መዝጊያ መሆኑ ነው።

ከሁሉ የከበደው ሬንደሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል አስልቶ የሚያወጣበት ሥራ ነበር። ለአንድ ሰከንድ 24 ምስል ስለሚያስፈልግ ጠቅላላው ከ15 ሺህ ያልፋል። ይህን የተሸከመው አሜሪካ ሜሪላንድ ያለው የቦዊ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሱፐር ኮምፒውተር ነው። በሥራው መሐል አርቲስቶቹ የጎደላቸውን ሲናገሩ ፕሮግራመሮቹ ወዲያው ይጨምሩላቸው ነበር። ፀጉር መሥሪያውና ምስል ማቀናበሪያው የዳበሩት እንዲህ ነው፣ ከዚያም በብሌንደር ውስጥ ገብተው ለሁሉም ደረሱ። ሙዚቃው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ባልሆነ ሶፍትዌር ነው የተሠራው።

ፊልሙ መጋቢት 24 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ተመረቀ፣ ግንቦት 18 ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ፈቃዱ የሚጠይቀው የሠሪዎቹን ስም መጥቀስ ብቻ ነው። ለልምምድ ፋይሉን ከፍቶ የፕሩግን በትር በራሱ እጅ ያንቀሳቀሰ ተማሪ ስቱዲዮ የገባ ያህል ይማራል። በ2025 ኦስካር የወሰደው የአኒሜሽን ፊልም «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ በብሌንደር ነው።