ኤምአይኤች ምንድን ነው? ከአንቲባዮቲክስ ጋር ምን አገናኘው?

ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። ምንም ጥርስ ሳይነቀል፣ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ብቅ ብሏል። እናቱ በስልኳ መብራት አፉን ስታይ ግን ጥርሱ ላይ ቡናማ ምልክት አለ። ዳር ድንበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀዝቃዛ ውሃ ያመዋል፤ ብሩሽ ሲነካው ይሸሻል። ወዲያው "ጣፋጭ እያበዛህ!" ይባላል። እዚህ ጋ ግን ጣፋጩ ያለጥፋቱ ሊወቀስ ይችላል።

ችግሩ ሞላር ኢንሳይዘር ሃይፖሚነራላይዜሽን ሊሆን ይችላል። ምላስ የሚያስር ስም ስለሆነ በአጭሩ ኤምአይኤች ይሉታል። ስሙ የወጣለት በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች፣ አንዳንዴም የፊት ጥርሶች፣ ኢናሜላቸው በቂ ማዕድን ሳይዝ ሲቀር ማለት ነው።

ኢናሜል ጥርስን ከላይ የሚሸፍነው ነጭ ክፍል ነው። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ ከሱ የሚጠነክር ነገር የለም። የሚሠሩት አሜሎብላስት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። መጀመሪያ ፕሮቲን ያነጥፋሉ፣ ቀጥሎ ፕሮቲኑን እያስወጡ ቦታውን በማዕድን ይሞላሉ። ይህ ሁለተኛው ሥራ ከተስተጓጎለ ጥርሱ መጠኑ ሳይጎድል እንደ ጠመኔ ፍርፍር የሚል ይሆናል። ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ ሲወጣ ደግሞ ሴሎቹ የሉም። የሚጠግን የለም።

ያ መንጋጋ የተሠራው መቼ ነው? ከልደት አካባቢ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ምልክት ልጁ ገና ሲድህ የነበረ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

አንቲባዮቲክስ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሞክሲሲሊን የወሰዱ ልጆች ላይ ኤምአይኤች በዛ ብሎ ያገኙ ጥናቶች አሉ። ግን አስቡት፤ ሕፃን መድኃኒቱን የሚወስደው ሲታመም ነው። ጆሮው ሲመግል፣ ሳንባው ሲታመም፣ ትኩሳቱ ሲንር። ትኩሳቱ ራሱ አሜሎብላስቶችን ሊያውክ ይችላል። ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ ጥፋተኛውን መለየት ያስቸግራል። በኔ እይታ መድኃኒቱን ብቻውን መክሰስ ችኮላ ነው። የዘርም እጅ አለበት።

ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ በመሠራት ላይ ያለ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ጥርሱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ብርሃን ሲያገኘው ቡናማ ይሆናል። ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ታዲያ በባክቴሪያ የሳንባ ምች የተያዘ ልጅ "ጥርሱ እንዳይበላሽ" ተብሎ መድኃኒት አይከለከልም። ለጉንፋን ግን ቀድሞውንም አይሠራም፤ ጉንፋን የቫይረስ ነው።

ምልክቱ ከታየ ሳይፈረፈር የጥርስ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ፍሎራይድ ይቀባል፣ ይሞላል፣ ከባሰም የብረት ቆብ ይደረግለታል። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ እነዚህ ጥርሶች ማደንዘዣ አልይዝ ይላሉ። ልጁ ወንበሩ ላይ ሆኖ "አሁንም ያመኛል" ካለ ማስመሰሉ አይደለም።