የከተማ ባሕርይ ምንድን ነው?

«የባሕር ዳርን ባሕርይ የጠበቀ ዲዛይን» እየተባለ የሚቀርበውን ሥዕል አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው፤ ጣሪያው ላይ የታንኳ ቅርጽ ተቀምጧል። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ባሕርይ ይጠበቅ የምትሉት ከተማዋ እንዳታድግ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ባሕርይን ሕንፃ ላይ ይፈልጉታል።

ሸማ እናስብ። ጥበቡ ዓይን ይስባል፤ ጨርቁን የያዙት ግን ድርና ማጉ ናቸው። የከተማ ድር መንገዶቿ፣ ዛፎቿና ወደ ውሃው የሚያደርሱ መተላለፊያዎቿ ናቸው። ሕንፃዎቹ ማግ ናቸው። ማጉ ቢለወጥ ሸማው ሸማ ነው። ድሩ ከተበጠሰ ግን ምንም ጥበብ ቢጨመርበት አይይዝም። ሸማ ተሸምኖ ያልቃል፣ ከተማ ግን አያልቅም፤ ስለዚህ ድሩን ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

የባሕር ዳር ድር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን ሠርተውላታል። ዘንባባ የተሰለፈበት ሰፊ ጎዳና ላይ ጂ ፕላስ አምስት ቢቆም ይህ ድር አይበጠስም። የሚበጠሰው ግራውንዱ ሱቅ መሆኑ ቀርቶ ድፍን ግንብ ሲሆን ነው። ለመኪና መግቢያ ተብሎ ዛፍ ሲቆረጥ ነው። በሐይቁ ዳር የሚሄድ ሰው ከውሃ ይልቅ አጥር ሲያይ ነው።

«ፎቅ አይሠራ» ከሚሉትም ጋር አልስማማም። ወደ ላይ ያላደገ ከተማ ወደ ጎን ያድጋል፤ ያኔ የሚበላው የዙሪያውን ገበሬ እርሻ ነው። ግን ከሐይቁ አጠገብ የከርሰ ምድር ውሃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው። ስለዚህ ከፍታ ከመፈቀዱ በፊት ፍሳሹ የት እንደሚሄድ መታወቅ አለበት።

ሕንፃ ከውሃው ዳር ምን ያህል መራቅ እንዳለበትም አንድ ነገር ልጨምር። ጣና በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በግንቦት ተለክቶ የተተወ ክፍት ቦታ በመስከረም ውሃ ሊተኛበት ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ ከከፍተኛው የውሃ መጠን ይጀምር። በውሃውና በሕንፃው መሃል ያለው ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም። እዚያ የሚበቅለው ደንገል ከከተማ የሚወርደውን ደለል ይይዛል፤ ዓሣና ወፍ ይጠለሉበታል። ታንኳውም የሚሠራው ከደንገሉ ነው። ረግረጉን በአፈር ሞልቶ ታንኳ በኮንክሪት መሥራት ባሕርይ መጠበቅ አይባልም። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብም ጥበቃው ውሃውን ብቻ ሳይሆን ዳርቻውንና በዙሪያው የሚኖረውን ሰው ይጨምራል።

ለዚህ ነው የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ ከሕንፃው የፊት ገጽታ ሥዕል በፊት ሳይት ፕላኑ፣ ማለትም ሕንፃው በቦታው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚያሳየው ንድፍ፣ ይታይ የምለው። በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል? የትኛው ዛፍ ይነካል? እግረኛው ወደ ሐይቁ በየት በኩል ያልፋል?