ምጣኔ ምንድን ነው? ፊደል ቆጠራ አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ጅማ አንድ ወጣት ግጥሙን አነበበልን። ከአድማጮቹ አንዱ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊደሉን በጣቱ ቆጠረ። «አልተካከለም፤ ምጣኔው ተሰብሯል» ብሎ መለሰለት። ምጣኔ ማለቱ የስንኙን ልክ ነው። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በጣም አዘንኩ። ይህን ፍርድ መስማት ሰልችቶኛል።

ይቺን ለማሳያ እኔው ቋጠርኳት፦

የጅማ ቡና ነሽ፣ ሽታሽ ቀድሞ ደርሷል፤
በሬን ሳልከፍትልሽ፣ ቤቴን ሁሉ ወርሷል።

የመጀመሪያው ስንኝ ግማሹ ሰባት ፊደል፣ ግማሹ ዐሥር ነው። ሰውዬው ይህንንም «ተሰብሯል» ሊል ነው። ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ስድስት ስድስት ቀለም ነው። ቀለም ማለት በአንድ አናባቢ የሚጠራ የድምፅ ክፍል ነው። የ-ጅም-ማ-ቡን-ና-ነሽ። ሽት-ታሽ-ቀድ-ሞ-ደር-ሷል። የወል ቤት የምንለው ይኸው ነው። «ሆያ ሆዬ» ደግሞ አራት ቀለም ነው፤ የቡሄ በሉ ምት።

ረከቦት አስቡ። የተደረደረው ስኒ ሁሉ ቡና የለበትም። ፊደል ስኒው ነው፣ አናባቢው ቡናው። በሁለተኛው ግማሽ ዐሥር ስኒ አለ፤ አራቱ ባዶ ናቸው፦ የ«ሽታሽ» መጨረሻ ሽ፣ የ«ቀድሞ» ድ፣ የ«ደርሷል» ር እና ል። የሚጠጣው ስድስቱ ነው።

ታዲያ ባዶዎቹ ሁሉ ሳድስ፣ ማለትም እንደ ር እና ል ያለ ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ፣ ቢሆኑም ሳድስ ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። የ«ጅማ» ጅ ሳድስ ናት፣ ግን ድምፅ አላት። ጥብቀትም አለ። «ጅማ» ሲባል ም ይጠብቃል፤ የእኛ ፊደል አያሳየውም። ኦሮምኛ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ ግን ተነባቢዋ ሁለት ጊዜ ትጻፋለች። ስለዚህ አማርኛ ግጥም በዓይን ብቻ አይለካም፤ ጆሮ ይፈልጋል።

ቤት መምታትም እንዲሁ ነው። «ሁለቱም በል ስላለቁ ቤት መቱ» አትበሉ። ል እዚህ ባዶ ስኒ ናት። ጆሮ ወደ ኋላ ሄዶ «ርሷል»ን በሙሉ ነው የሚይዘው።

ድግግሞሹን ደግሞ ሽ ላይ ፈልጉት፤ አራት ጊዜ ትመጣለች። «ነሽ» ላይ ቡናዋን ትሰይማለች። «ሳልከፍትልሽ» ላይ ስትመለስ ግን ቡናዋ ሰው ሆና ደጅ ቆማለች። አቦልና ቶና ከአንድ ጀበና ቢቀዱም ጣዕማቸው እንደሚለያየው ነው።

ያ ልጅ ይህን ካነበበ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ እንደገና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልን።