የተፈጥሮ ቃጫ ሙቀት ከልካይ ምንድን ነው?

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በደብረ ብርሃን ወይም በመሐል ሜዳ ያደረ ሰው የቆርቆሮ ቤትንና የሣር ክዳን ቤትን ልዩነት ያውቀዋል። ቆርቆሮው ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፤ ሣሩ ሁለቱንም ያለዝባል። ሣሩ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ የቤት አካል በግንባታ ሙያ ሙቀት ከልካይ ወይም ኢንሱሌሽን ይባላል። ከሣር፣ ከገለባ፣ ከበግ ጸጉር፣ ከጥጥ ሲሆን የተፈጥሮ ቃጫ ሙቀት ከልካይ ነው።

ዋናውን ድካም የሚሸከመው አየር ነው። አየር ካልተንቀሳቀሰ ሙቀት በጣም ጥቂት ያሳልፋል፤ የቃጫው ድርሻ አየሩን በጥቃቅን ክፍተቶች ይዞ ማቆም ነው። መሐንዲሶች የማሳለፉን መጠን በዋት በሜትር በኬልቪን ይለኩታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ከልካይነቱ ይበረታል። የቆመ አየር 0.025 ገደማ፣ የበግ ጸጉር 0.04 ገደማ፣ የታሰረ ገለባ ከ0.05 እስከ 0.08፣ ድንጋይ 2 ገደማ፣ ቆርቆሮ የሚሠራበት ብረት 50 ገደማ ነው። በፋብሪካ የሚመረተው የመስታወት ሱፍም ከበግ ጸጉር ብዙ አይርቅም።

የመንዝ ሰው ግድግዳውን በድንጋይ ያወፍራል። ወፍራም ድንጋይ ነፋስ ይመልሳል፣ የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶም ማታ ቀስ ብሎ ይሰጣል። ሙቀት እንዳያመልጥ በመያዝ ግን ደካማ ነው፤ 10 ሴንቲሜትር የተነደፈ የበግ ጸጉር የሚይዘውን ለመያዝ 5 ሜትር ያህል የወፈረ ድንጋይ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ግንብ ለአንኮበር ነገሥታትም አልተሠራላቸውም።

ቀድሞ ክዳኑ ራሱ ከልካይ ነበር። በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም የመንዝ ሰው ሣሩን በጋራ በሚጠብቅበት ባህላዊ ደንብ፣ ሲጠበቅ የኖረው የጓሳ ሣር በተፈቀደ ጊዜ እየታጨደ ቤት ይከደንበት ነበር። ወደ ቆርቆሮ የሄደ ሰው አይወቀስም፤ ቆርቆሮ ቶሎ ቶሎ አይታደስም፣ የእሳት ፍንጣሪም አያነደውም። ችግሩ ሣሩ ሲነሣ የሱን ሥራ የሚተካ ነገር አለመግባቱ ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ አቧራ ይይዛል እንጂ ብርድ አይመልስም።

ታዲያ ምን ይግባ? ገለባ በሌላው ዓለም ተፈትኗል፤ በአሜሪካ ነብራስካ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከታሰረ ገለባ ግድግዳ ተሠርቷል፣ በፈረንሳይ ሞንታርጂ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ቤት ዛሬም ቆሟል። ግን በሰሜን ሸዋ ደጋ ገለባ የከብት ቀለብ ነው፤ በበጋ መጨረሻ በሬው እያየው ግድግዳ ውስጥ የሚቀብረው ገበሬ አላውቅም። የመንዝ በግ ጸጉር የተሻለ ዕድል ያለው ይመስለኛል። ሻካራ ስለሆነ እንደ ባና እና ዝተት ካሉ ወፍራም ሽምኖች አልፎ ለስስ ልብስ አይመችም፤ ለኮርኒስ ግን ሻካራነቱ እንከን አይሆንም፤ እንዲያውም ሳይተኛ አየር ይዞ ለመቆየት ይረዳዋል።

የበግ ጸጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ከአየር ይጠጣል፣ አየሩ ሲደርቅም መልሶ ይለቃል። በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ለመንደድ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል። የተበተነ ገለባ ግን ክብሪት አይቶ አይምርም፤ ጠብቆ ታስሮ በሁለቱም በኩል በጭቃ ሲመረግ ነው አየር አጥቶ የሚዘገየው።

የበግ ጸጉር ጠላቱ ብል ነው። ስለዚህ ጸጉሩ ቅባቱና ቆሻሻው እስኪለቅ በሳሙና ይታጠባል፣ ቦራክስ የሚባል ብል የሚከላከል ጨው በሟሟበት ውሃ ይነከራል፣ በደንብ ደርቆ ይነደፋል፣ ከዚያ ሳይጠቀጠቅ ኮርኒሱ ላይ ይነጠፋል። ከግድግዳ በፊት ኮርኒስ የሚመረጠው የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣና ቆርቆሮው ሙቀቱን ለጠራው የሌሊት ሰማይ ስለሚለቅ ነው። በዚህ የተነሣ ቆርቆሮው ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፣ ከቤት የወጣው እንፋሎትም ሥሩ ላይ ውሃ ሆኖ ሊንጠባጠብ ይችላል። ውሃ ከቆመ አየር 24 እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋልና የራሰ ቃጫ ከልካይነቱ ይወርዳል፣ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጸጉሩ ቆርቆሮውን መንካት የለበትም፤ በመካከላቸው ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል፣ የክፍተቱ አፍም አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይዘጋል። የሚያፈስ ቆርቆሮ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይጠገናል።