«መ. ሰይድ» ማን ነው? በአጭሩ የተጻፈ ስም መፍታት ምንድን ነው?

እንበልና ደሴ፣ ከአያታችሁ ሣጥን ውስጥ አንድ የድሮ የቤት ኪራይ ደረሰኝ ወጣ። ወረቀቱ ወይቧል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግርጌው ላይ «መ. ሰይድ» ይላል። በቃ። ይሄ ሰው ማን እንደነበረ ፈልጎ ማግኘት ነው እንግዲህ ስም መፍታት የሚባለው።

መጀመሪያ፣ ሰይድ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ አባቱ ነው። ልጆቹን ብትፈልጉ ሰይድ ብላችሁ አታገኟቸውም፣ ወንድምና እህቶቹን ግን ታገኛላችሁ።

ደግነቱ ፊደላችን ያግዛል። ላቲኑ «ኤም» ብሎ ዝም ይላል፣ የእኛ «መ» ግን ሙሉጌታንም ማሩንም ምናሉንም ከወዲሁ ያስወጣቸዋል (መሐመድን «ሙሐመድ» ብሎ የሚጽፍ ስላለ እሱን ተጠንቀቁ)። ወረቀቱን የጻፈው ጣሊያን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ከበደን በ«ሲ»፣ ወልዴን በ«ዩ» ይጀምራል፣ «ጂ» ካለ ገብሬም ጀማልም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሰይድ የሚለውን ሲያይ መሐመድ ብሎ ይዘጋዋል። ኧረ ወሎ ነው! መኮንን ሰይድ አለ፣ መንገሻ ሰይድ አለ፣ መዲና ሰይድ የምትባል ሴትም ልትሆን ትችላለች፣ ማን አከራይ ወንድ ብቻ ነው አለ? ስም ራሱም ይቀየራል። ንጉሥ ሚካኤል እስከ 1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ መሐመድ አሊ ነበሩ፣ ሲጠመቁ ሚካኤል ተባሉ፣ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ሻንቆ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስቱን ስም በሦስት ወረቀት ላይ ቢያገኝ ሦስት ሰው ብሎ ይቆጥራል።

ስለዚህ ከስሙ በፊት ዘመኑን፣ ሰፈሩንና ሥራውን ያዙ። ከዚያ የሰፈሩን ቅሬ (የወሎ ዕድር ማለት ነው) መዝገብ ጠይቁ፣ የሞተና ያዋጣ ሁሉ በሙሉ ስሙ ሊገኝ የሚችለው እዚያ ነው። አንዱ ከሌላው ያልተቀዳ ሁለት ማስረጃ ሳይገጥምላችሁ «አገኘሁት» አትበሉ።

ሽማግሌ ስትጠይቁም «መሐመድ ነው አይደል አባባ?» አትበሉ፤ እንዳታፍሩ ብለው «አዎ ልጄ» ይሏችኋል። ቡናው እየተፈላ ቀስ ብላችሁ «ያኔ እዚህ ሰፈር ቤት የሚያከራይ የሰይድ ልጅ ማን ነበር?» በሉና ዝም ብላችሁ ስሙ።