ሆርሞኖችና የሶዲየም ዝውውር በእንቁራሪት ቆዳና በጉርጥ ሽንት ፊኛ

የእንቁራሪት ቆዳና የጉርጥ ሽንት ፊኛ ሶዲየምን ከውጭ ወደ ደም የሚያሻግሩ ኤፒተልየማዊ (ገጽን የሚሸፍኑ) ኅብረ ሕዋሳት ናቸው። በኩሬ ውሃ ውስጥ ያለው ሶዲየም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ) አይበልጥም፤ በእንስሳዋ ደም ያለው ግን 100 ሚሊሞላር ገደማ ነው። ጨው ያለማቋረጥ ወደ ውሃው ስለሚሾልክ ቆዳው ያንኑ ያህል መልሶ መሳብ አለበት። ይህ ጉልበት ይጠይቃል፤ ፍጥነቱን ደግሞ ሆርሞኖች ይወስኑታል። የሰው ኩላሊት የመጨረሻ ቱቦዎች ይህንኑ ሥራ በተመሳሳይ ፕሮቲኖች ይሠራሉ። ስለ ኩላሊት ከምናውቀው ብዙው መጀመሪያ የተነበበው ከእንቁራሪት ቆዳ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጀርመናዊው ዱ ቧ-ሬይሞን በ1848 በቆዳው ሁለት ጎኖች መካከል ቮልቴጅ መኖሩን አሳየ። በ1904 ጣሊያናዊው ጋሌዮቲ ይህ ቮልቴጅ ሶዲየም ወይም ሊቲየም እንደሚሻ ጻፈ፤ ብዙም ሰሚ አላገኘም።

ነገሩ መልክ የያዘው ኮፐንሃገን ውስጥ ነው። ሃንስ ኡሲንግና ካርል ዘራን በ1951 ቆዳውን በሁለት ክፍል በተከፈለ ዕቃ መሃል ወጥረው፣ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት የሪንገር ፈሳሽ (የሰውነት ፈሳሽን የሚመስል የጨው ውሃ) ሞሉ። ከዚያም ከውጭ በሚሰጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት የቆዳውን ቮልቴጅ ዜሮ ላይ ያዙት። የክምችትም የቮልቴጅም ልዩነት ከሌለ አዮን በራሱ ወደ አንድ ጎን የሚያደላበት ምክንያት የለም። በሬዲዮአክቲቭ ሶዲየም የለኩት የተጣራ ዝውውርና ቮልቴጁን ዜሮ ላይ ለማቆየት ያስፈለገው ፍሰት እኩል ሆነው ተገኙ። በዚህ ውብ ሙከራ የአምፔር መለኪያ የሶዲየም መለኪያ ሆነ፤ በካሬ ሴንቲሜትር 1 ማይክሮአምፔር ማለት በሰዓት 0.0373 ማይክሮሞል ሶዲየም ማለት ነው።

በ1958 ኩፎድ-ዮንሰንና ኡሲንግ የሁለት ሜምብሬን (የሕዋስ ሽፋን) ሞዴላቸውን አቀረቡ። ሶዲየም በውጭው ሜምብሬን በኩል ቁልቁለቱን ተከትሎ፣ ማለትም ያለ ጉልበት፣ ይገባል፤ በውስጠኛው በኩል ፓምፕ ይገፋዋል። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የንስ ስኩ የፓምፑን ኤንዛይም አግኝቶ ነበር፤ በአንድ ዙር 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ሆርሞን በየትኛው በር ይሠራል የሚለው ጥያቄ የመነጨው ከዚህ ሞዴል ነው።

ሙከራው ሲሠራ የሆድ ቆዳ ተገፎ ይወጠራል። የተለመደው የእንቁራሪት ሪንገር በሊትር 6.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.14 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 0.12 ግራም ካልሲየም ክሎራይድና 0.2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ይይዛል። በክፍል ሙቀት ተራ አየር ማስገባት ይበቃል። ንባቡ እስኪረጋ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በጤናማ ቆዳ የውስጡ ጎን በአሥሮች ሚሊቮልት ፖዘቲቭ ይሆናል። መጨረሻ ላይ አሚሎራይድ (የሶዲየምን መግቢያ የሚዘጋ መድኃኒት) በውጭው ጎን ሲጨመር ፍሰቱ ወዲያው ወደ ዜሮ ካልተጠጋ፣ ሲለካ የቆየው ሶዲየም ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጠርዙ ነው። ዕቃው አጥብቆ ሲነክሰው ሕዋሳት ይሞታሉ፣ አዮኖች በዚያ ይሾልካሉ፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። ፈሳሹን ከመለኪያው ጋር በሚያገናኘው የአጋር (ጄል የሞላበት) ቱቦ ውስጥ የቀረች የአየር አረፋ ንባቡን ታዘልላለች። በፖታሲየም ክሎራይድ የጠገበ ቱቦ በትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ረጅም ሰዓት ከቆየ ፖታሲየሙ ይፈስና ቆዳውን ይለውጠዋል። የአድሬናሊን ወጥመድ ደግሞ የተለየ ነው፤ የቆዳ ዕጢዎች ክሎራይድ ወደ ውጭ እንዲያመነጩ ስለሚያደርግ፣ በመለኪያው ላይ ሶዲየም ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል።

የአምፊቢያን (የእንቁራሪትና የጉርጥ ወገን) የራሳቸው የፒቱታሪ፣ ማለትም ከአንጎል ሥር ያለው ዕጢ፣ ሆርሞን ቫሶቶሲን ነው፤ በቤተ ሙከራ ግን የአጥቢዎቹ ቫሶፕሬሲን በብዛት አገልግሏል። ተቀባዩ በውስጠኛው ጎን ስለሆነ በውጭ ቢጨመር ምንም አያደርግም። በውስጥ ሲሰጥ ፍሰቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨምራል። ኦርሎፍና ሃንድለር በሕዋሱ ውስጥ ትእዛዙን የሚያደርሰው መልእክተኛ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለው ሞለኪውል መሆኑን አሳይተዋል። ሆርሞኑ ውሃም ያሳልፋል፤ በውስጠኛው ፈሳሽ ካልሲየም ከበዛ ግን የውሃው ውጤት ሲዳከም የሶዲየሙ ይቀጥላል። መንገዶቹ የተለያዩ መሆናቸው ከዚህ ይታያል። ሆርሞኑ በሜምብሬኑ ላይ ያሉ ቻናሎችን (የሶዲየም መግቢያ ቀዳዳዎችን) ይከፍታል ወይስ ከሕዋሱ ውስጥ አዲስ ያመጣል በሚለው ላይ ስምምነት አልነበረም፤ ለሁለቱም ማስረጃ ቀርቧል።

ከአድሬናል ዕጢ የሚመነጨው ሆርሞን አልዶስቴሮን ግን ቀርፋፋ ነው። ክራቤ በ1961 በተነጠለ የጉርጥ ፊኛ ላይ ቀጥተኛ ውጤቱን አሳየ። ቡፎ ማሪነስ የተባለው ጉርጥ ፊኛ ሁለት ክፋይ ስለሆነ አንዱ ሆርሞን ሲወስድ ሌላው ማነጻጸሪያ ይሆናል፤ ከቆዳ የተመረጠውም በዚህ ነው። ሆርሞኑ በአልኮል ስለሚሟሟ ያንኑ ያህል አልኮል ለማነጻጸሪያው ክፋይም መጨመር ግድ ነው። ፊኛው ከእንስሳው የቀረውን አልዶስቴሮን እንዲያጣ ቀድሞ ለሰዓታት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊቱን፣ ይዘፈዘፋል። ይህ ከተዘለለ ምላሹ ትንሽ ይሆናል። 100 ናኖሞላር ከተሰጠ በኋላ ለ60 እስከ 90 ደቂቃ ምንም አይታይም፤ ከዚያ ፍሰቱ ለሰዓታት ይወጣል። ግሉኮስ ወይም ፓይሩቬት ካላገኘ ምላሹ ደካማ ነው። ኤደልማንና ባልደረቦቹ በ1963 አክቲኖማይሲን (ከጂን አር.ኤን.ኤ. መቀዳትን የሚያግድ መድኃኒት) ምላሹን እንደሚያግድ አሳዩ፤ ዝምታው አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበት ጊዜ መሆኑ ተገለጠ። ፕሮቲኑ የውጭውን በር ይከፍታል ወይስ ለፓምፑ ጉልበት ያቀርባል በሚለው ክርክሩ ዓመታት ወስዷል። የመጀመሪያው የምላሽ ምዕራፍ በውጭው በር መሆኑ ዛሬ አያከራክርም።

ኢንሱሊንም ዝውውሩን ይጨምራል።

ሊንደማንና ቫን ድሪሼ በ1977 በእንቁራሪት ቆዳ የፍሰቱን ጥቃቅን መዋዠቅ ተንትነው የውጭው በር ቀዳዳ ያለው ቻናል መሆኑን አረጋገጡ። ኢናክ የተባለው ይህ ቻናል በ1990ዎቹ ከአይጥ አንጀት ሲለይም መፈተኛው የዜኖፐስ እንቁራሪት እንቁላል ነበር። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ዜኖፐስ ሌቪስ ኩላሊት የተገኘው ኤ6 የሕዋስ ዘር በ1999 ኤስ.ጂ.ኬ. የተባለውን በአልዶስቴሮን የሚነቃ ኤንዛይም ለመለየት አገልግሏል። ኤንዛይሙ ቻናሉን ከሜምብሬን የሚያስነሳውን ኔድ4-2 የተባለ ፕሮቲን ይገታል፤ ቻናሉም በቦታው ይቆያል።

የእንቁራሪት እጭ ቆዳ በአሚሎራይድ የሚቆም የሶዲየም ዝውውር የለውም። የሚጀምረው እጩ ወደ እንቁራሪት በሚለወጥበት ወቅት፣ የታይሮይድና የኮርቲኮይድ ሆርሞኖች ቆዳውን ከቀየሩት በኋላ ነው።